አንድ ዋንዛ፣ ሁለት አድባር

«እንጨት ነው በዪ። ሌላ ነገር አልፈልግም» አለኝ ወንድሜ። «እንጨት ነው ካልሽ ምሳሩን አሁኑኑ አስቀምጣለሁ።»

«እንጨት ሰው ያሳምማል እንዴ?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ። እንጨት ከሆነ የሚያመኝ እሱ አይደለም፤ እተወዋለሁ። እንጨት ካልሆነ ግን የሚያንቀኝ እሱ ነው። ምረጪ።»

ጓሯችን ውስጥ፣ ከትልቁ ዋንዛ ሥር ቆመናል። ወንድሜ ከቅዳሴ መልስ ነጠላውን እንኳ አላወለቀም፤ መስቀለኛ እንዳጣፋው ምሳሩን ከግድግዳው ላይ አንሥቶ ነው የወጣው። ግንዱ ላይ በደረቴ ልክ የተቀባው ቅቤ ፀሐይ ስላላገኘው ገና አልቀለጠም። የቀባሁት እኔ ነኝ። ከዚህ በፊት ለግንቦት ልደታ ቅቤውን የምትቀባው እናታችን ነበረች። ዘንድሮ አልቀባም፣ በግም አይታረድላትም አለች። አሁን የድንጋይ አጥሩ ላይ ጉንጯን በእጇ አስደግፋ ተቀምጣ፣ ሁለታችንንም እንደማያውቀን ሰው ታየናለች።

«እንጨት ነው» አልኩት።

ወንድሜ ምሳሩን ዝቅ አደረገ። እናቴ ግን ካለችበት ሆና «እንጨት ከሆነማ ምን ያሳሳናል?» አለች። «ቆርጠን በር እናሠራዋለን። ይሄ የቆርቆሮ በር ነፋስ በመጣ ቁጥር ሲንኳኳ ልቤን አጠፋው።»

እንጨት ነው ካልኩ ለበር ይቆረጣል። እንጨት አይደለም ካልኩ ለወንድሜ ነፍስ ሲባል ይቆረጣል። በየትም ብዞር ምሳር አለ። «ዋሽቻለሁ። እንጨት አይደለም» አልኩ።

«አየሽ» አለ ወንድሜ ወደ እናቴ ዞሮ። ደስ ያለው ይመስላል።

እዚህ ያደረሰን አንድ ቃል ነው። ወንድሜ ልጅ ሳለ ከአንድ የኔታ ዘንድ ንባብና ዜማ ተምሯል። ሳይጨርስ ትቶት ደብረ ማርቆስ ገባና ባጃጅ ይነዳ ጀመር። በከተማው ተኩስ በነበረበት ሰሞን መንገድ ዳር የወደቀ፣ ሆዱን የተመታ ሰው ጭኖ ወደ ሆስፒታል ሲበር ሰውየው ከኋላ ወንበር ላይ ሞተበት። ይህን የነገረን አንዴ ብቻ፣ ጫማውን እያወለቀ ነው። ወንበሩን አጥቦ፣ ደግሞ አጥቦ፣ ባጃጁን ለባለቤቱ መልሶ በእግሩ ወደ እኛ መጣ። እኛ ያለነው ከአምበር ከተማ ወዲህ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ነው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣ። ቁጭ ብሎ ያድራል፤ ሊነጋጋ ሲል ሸለብ ያደርገውና አንገቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ትንፋሽ አጥሮት ይነሣል። ስለ ሰውየው የጠየቀው የለም። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም፤ ምን በላህ፣ የት ያምሃል ነው የሚባለው።

ሚያዝያ ላይ እናቴ ጠበል ወሰደችው። ልብሱን ይዤ ተከተልኳቸው። ጠበሉ ከገደል ሥር ነው፤ ውኃው ከላይ እንደ ዱላ ይወርዳል። አጥማቂው ክንደ ብርቱ ጎልማሳ ነበሩ። ሁለት ሰዎች የወንድሜን ክንድ ጠምዝዘው ከውኃው ሥር አቆሙት፤ እሳቸው በመቁጠሪያቸው ጀርባውን እየገረፉ «ማነህ? ከየት ያዝከው? ተናገር» ይሉታል። ጀርባው ሰንበር በሰንበር ሆነ። ተንበርክኮ ውኃ አስመለሰ፤ በጸጉሩ ይዘው መልሰው አቆሙት። ይበቃዋል ልል አፌን ስከፍት፣ ወንድሜ ራሱን ወደ ኋላ ወርውሮ «አድባር» አለ።

«ተናገረ፣ ተናገረ» አለ የተሰበሰበው ሰው። እናቴ እልል አለች። ከእልልታው ወዲያ ያለውን ማንም አልሰማም፤ እኔ ግን ቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁት። ወንድሜ አላቆመም ነበር። ሌሎች ቃላት ተከተሉ፤ ሁሉም ግዕዝ፣ ሁሉም ልጅ ሳለ ከየኔታ ፊት ራሱን እያወዛወዘ በሚያነበንብበት ቅላጼ። በግዕዝ ደብር ማለት ተራራ ነው፤ አድባር ደግሞ ብዙ ቁጥሩ፣ ተራሮች። ወንድሜ የጠራው የጓሯችንን አድባር ስም አልነበረም። ሲገርፉት አፉ ላይ የመጣለት፣ ልጅ ሳለ እየተገረፈ ያጠናው ንባብ ነው።

አጥማቂው ግን እናቴን ጠሩና «በአካባቢያችሁ ቅቤ የሚቀባ ዛፍ አለ?» አሏት።

«አለ፣ አባ። ጓሯችን ዋንዛ አለ።»

«የሚቀባውስ ማነው?»

እናቴ መሬት መሬት እያየች «እኔ ነኝ» አለች። «ከእንግዲህ እንዳትቀቢ፤ ዛፉ ይቆረጥ» አሏት።

ስለ አድባር ሲነሣ ለብዙ ሰው ጥላና ሰላም ነው የሚመጣለት። እኔ ያደግሁት በሌላ ታሪክ ነው። ሰማይ ሁለት ሚስቶች አሉት ትለን ነበር እናቴ፤ አንዷ የኛ ዋንዛ ውስጥ፣ ሌላዋ ከታች ከገደሉ ውስጥ የምትኖር። በጋውን ሁለቱንም ረስቶ ይከርማል። ክረምት ሲገባ ወደ አንዷ ይወርድና ሌላዋ በቅናት ድንጋይ ታነሣለች። በረዶ ማለት ጣውንቶቹ የሚወራወሩት ድንጋይ ነው፤ የሚፈነክተው ግን እኛን ነው። አንድ ነሐሴ በቆሏችንን እንደ ጨርቅ ተለተለው፤ የጎረቤት ዶሮዎች ደጅ ላይ ተጨፍልቀው፣ ክንፋቸው በጭቃው ላይ ተዘርግቶ አገኘናቸው። ሌላ ጊዜ መብረቅ የዋንዛውን አንድ ክንድ ገንጥሎ ከሥሩ የተጠለለችውን ላማችንን ገደላት። ዓይኗ አልተከደነም፤ ጸጉሯ እንደተለበለበ ዶሮ ይሸት ነበር። እናቴ አላለቀሰችም። «ጣውንቷ ናት» ብላ ገባች።

አባቴ ያኔ በሕይወት ነበር። በማግሥቱ ከዋንዛው ሥር በግ አረደ። በጉ እግሮቹን ሲያወራጭ ደሙ የአባቴን ሱሪ እስከ ጉልበቱ አለበሰው። ከሥሮቹ መካከል ተጠራቅሞ ሳይሰርግ ቆየ፤ ዝንብ ወረሰው። አባቴ ጣቴን ከደሙ ነክሮ ግንባሬ ላይ አሳረፈው። ሞቅ ያለ ነበር። ሲደርቅ ቆዳዬን ጨምድዶ ያዘኝ።

ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስለ ምሕረት ሲሰበክ እሰማለሁ፤ አልጠላውም። ዓይኔ ያየውን ዓለም የሚመስለው ግን ያ የተጨማደደ ግንባር ነው። አድባሯ እወድሻለሁ አላለችኝም፤ ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ብጠይቃትም ላስረዳሽ አትልም። ትሰጣለች፣ ትቀማለች፣ በጥቅምት ነጭ አበባዋን ታራግፋለች። ግጥም የጀመርኩትም እሷ ሥር ተቀምጬ ነው። አስተማሪ አልነበረኝም። እንጨት ለቀማ ስወጣ ከቅኔ ቤቱ አጥር ውጭ ቁጭ እያልኩ ተማሪዎቹ ሲቀባበሉት የሰማሁትን፣ ዋንዛው ሥር መጥቼ በራሴ አማርኛ እሞክረዋለሁ። አንድ ቃል ሆዱ ውስጥ ሌላ ቃል ደብቆ ሲገኝ እንደ መብረቁ የሚያስደነግጠኝ ነገር ያኔ ያዘኝ። እስካሁንም አለቀቀኝም።

እና በዚያ ጠዋት፣ ምሳሩ መካከላችን እንዳለ፣ ለወንድሜ ስለ ቃሉ ነገርኩት። ተራሮች ነው ያልከው አልኩት። የምታነበው ግዕዝ ነበር፤ እሷ ከአፍህ አልተናገረችም።

ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ። ግዕዙ ትዝ ያለው መሰለኝ።

«አንቺ ግዕዝ ከየት አወቅሽ?» አለኝ።

«ከአጥር ውጭ።»

«እሺ ይሁን። ተራሮች ነው ያልኩት። እንግዲህ ይሄ ዛፍ ባዶ ነው?»

«ባዶስ አይደለም።»

«ቅቤውን ለማን ቀባሽው?»

«ለእሷ።»

«ለእሷ» አለ። «ላሟን ስትገድል እሷ ናት። ዶሮ ሲያልቅ እሷና ጣውንቷ ናቸው። በግ ሲታረድ የምትጠጣው እሷ ናት። እኔ ላይ ስትደርስ ብቻ ጨዋ ሆነች? ከገደለች ትግደል ነው የምትዪው፣ ወይስ የምትገድለው አንቺ ለግጥምሽ በሚመችሽ ጊዜ ብቻ ነው?»

እስከ ዛሬም ከዚህ የበረታ ክርክር የገጠመኝ የለም፤ ሌሊቱን በሙሉ ዓይኑ ሳይከደን ያደረ ሰው ነው የተናገረው። መልስ ሲጠፋኝ የማደርገውን አደረግሁ። ያደርኩበትን ግጥም ፊቱ ላይ ጣልኩት፦

ማልዶ ደብር ስሞ፣ አድባር ሊጥል ዋለ፤
ነጠላውን ለብሶ፣ ብዙውን ገደለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ትከሻው ላይ ያጣፋውን ነጠላ ብቻ ያይ ነበር። ወንድሜ ግን ንባብ ቤት የገባ ነው። ደብር ነጠላ ቁጥር፣ አድባር ብዙ ቁጥር መሆኑን፣ አንዱን ተሳልሞ ያንኑ ሊቆርጥ የቆመ ማን እንደሆነ ለመረዳት ዓይኑን አንዴ ማርገብገብ በቃው። በጥፊ መታኝ። ጆሮዬ ጭው አለ። ምሳሩን የያዘበትን እጁን ጨብጬ አንጓው ላይ ነከስኩት፤ ጥርሴ አጥንት እስኪነካ ድረስ ነው የነከስኩት፤ የደሙ ጨው አፌ ገባ። በምሳሩ እጀታ ትከሻዬን ደገመኝ። አልለቀቅኩም። ያላቀቀኝ ከኋላ የመጣ እጅ ነው። እናቴ ሹሩባዬን ጠቅልላ ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችኝና መሬት ላይ ጣለችኝ፤ ጉልበቷን ደረቴ ላይ ተከለች።

«ልጄን ልትገድዪብኝ ነው?» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ አልወዳትም መሰለሽ? ዕድሜዬን ሙሉ የቀባኋት እኔ ነኝ። ግን ከእሷና ከልጄ አንዱን ምረጪ ካሉኝ ምን ላድርግ? አንቺ ምን ታደርጊ ነበር?»

ከሥሯ ሆኜ፣ ሰማዩን በዋንዛው ቅጠል መካከል እያየሁ የመጀመሪያውን ምት ሰማሁ።

ዋንዛ ለስላሳ እንጨት ነው ይሉታል አናጢዎች። አወዳደቁ ግን ለስላሳ አልነበረም። በላይኛው ክንድ ላይ አባቴ የሰቀለው ቀፎ ነበር፤ ግንዱ ሲንቀጠቀጥ ንቦቹ ወረዱ። ወንድሜ ነጠላውን ራሱ ላይ ጠቅልሎ መምታቱን ቀጠለ። ፊቱ አበጠ፣ አንድ ዓይኑ ተዘጋ፣ ከአንጓው ደም እየተንጠባጠበ ስብርባሪውን አቀላው። እኔና እናቴ ቤት ገብተን በቆርቆሮው በር ስንጥቅ እናየዋለን፤ ሁለታችንም ተነድፈናል። አንዳንዴ ቆም ብሎ ወደ ዛፉ አንድ ነገር ይናገራል። ምን እንደሚል አይሰማም።

ዛፉ ወደ ገደሉ ይወድቃል ብለን ነበር። ወደ ቤታችን ዞረ። መጀመሪያ እንደ ረጅም ማቃሰት ያለ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ጓሮው በሙሉ ጨለመ። ቅርንጫፉ የበረቱን ጥግ ደርምሶ ጊደራችን ላይ አረፈ። ወገቧ ተሰበረ። ፊት እግሮቿን ተክላ ለመነሣት ትታገላለች፣ ኋላዋ አይከተላትም። ጎረቤት ቢላዋ ይዞ ሮጦ መጣ፤ ጎትተው ማውጣት ስላልቻሉ እዚያው፣ ከጉቶው አጠገብ አረዷት። ደሙ በሥሮቹ መካከል ወርዶ ተጠራቀመ።

እናቴ ዓይኔን ፈለገች። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነው፤ የግንቦት ልደታን በግ ከልክለናት ጊደር ወሰደች።

ወንድሜ በዚያው ቀን፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ፊቱ እንዳበጠ መደቡ ላይ ወድቆ ተኛ። አንኮራፋ። እናቴ ከደጃፉ ተቀምጣ ማንኮራፋቱን እንደ መዝሙር ታዳምጥ ነበር። በማግሥቱም ተኛ፣ ከዚያም ወዲያ። ክረምቱን በሙሉ ተኛ። ሥጋ ያዘ፣ እርሻ ወጣ፣ መቀለድም ጀመረ፤ የነከስኩት አንጓ ላይ የቀረውን ጠባሳ እያሳየ «ጅብ ነው» ይላቸዋል ለሰዎች፣ «ገጣሚ ጅብ።» እኔ ከጉቶው ላይ እየተቀመጥኩ ልጠላው እሞክራለሁ። ማንኮራፋቱን የሰማ ሰው ግን ሊጠላው አይችልም። የዚያን ክረምት በረዶ አልወረደም። ሰማይ የሚወርድባት ሚስት አጥቶ ይሆን፣ ወይስ እንዲሁ የደረቀ ዓመት ነበር፣ አላውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ በረዶ ናፈቀኝ።

ግንዱ በጥላ ሥር ደርቆ ለበር ደረሰ። ከአምበር የመጣ አናጢ ሠራልን። ቡናማ፣ ውፍረቱ የመዳፍ ያህል፣ ከባድ በር ነው፤ ሲዘጋ ግድግዳው ይነቃነቃል። የገባ የወጣው ሁሉ እጁን አሳርፎበት ያደንቀዋል። ቅቤ የተቀባበት የግንዱ ክፍል ከመካከለኛው ሳንቃ ላይ ጠቁሮ ይታያል። አናጢው ሊልገው ሞክሮ «ውስጥ ድረስ ገብቷል፣ ተዉት» ብሎ ነበር።

ጥር ላይ ከአስፋልቱ በኩል ተኩስ ተሰማ። ብዙም አልቆየም። እናቴ ምስሯን መልቀሟን እንኳ አላቆመችም። ወንድሜ ግን የያዘውን ብርጭቆ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው፤ ከዚያ ቀን ወዲያ አልተኛም። ያው እንደ ድሮው፣ ሲነጋጋ አንገቱን ይዞ ይነሣ ጀመር።

በአንዱ ጠዋት ከመደቤ ስነሣ እናቴ በሩ ፊት ቆማ አየኋት። በሩ ተዘግቷል። በግራ እጇ የቅቤ ዕቃ ይዛለች፤ በቀኝ መዳፏ መካከለኛውን ሳንቃ ከላይ ወደ ታች፣ ልጅ ስናጥብ እንደምናደርገው ታሸዋለች።

«እማ» አልኳት በሹክሹክታ። «በር ነው እኮ።»

«ዝም በዪ አንቺ። እንጨት ነው ስትዪ የነበርሽው አንቺ ነሽ።»

«መጀመሪያ ብቻ ነው ያልኩት።»

«እንግዲያው አሁን ዝም በዪ።»

ወንድሜ ከውስጠኛው ክፍል ወጣ። እኛን ሳያይ በቀጥታ ወደ በሩ ሄዶ ሊከፍተው መዳፉን ሲያሳርፍ አዳለጠው፤ በግንባሩ ከሳንቃው ጋር ተጋጨ። መዳፉን ወደ ዓይኑ አቀረበ። አሸተተው።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ። የቅቤ ዕቃውን ከኋላዋ አልደበቀችም።

ዓይኑ ከመደቡ ሥር ወዳለው ምሳር ሄደ። እኔም ወደዚያው ተጠጋሁ።

«በሩን ከፈለጥከው ጅብ ነው የሚገባው» አለችው እናቴ። «ያኔ ደጃፉን የምትጠብቀው አንተ ትሆናለህ። መቼም አትተኛም።»

ሊስቅ ነበር። ከንፈሩ ጀምሮት ነበር። ከዚያ በአውራ ጣቱ መዳፉን ማሸት ጀመረ፤ ቅቤው በጣቶቹ መካከል ይንሸራተታል፤ ማሸቱን አላቆመም።

«እንዲህ ነው ያዳለጠኝ» አለ።

«ምኑ?» አልኩት።

«እጁ።» ድምፁ ስለ እርሻ እንደሚናገር ሰው ነበር። «ያዘኝ አለኝ። በአንድ እጄ መሪውን ይዤ አንዱን ወደ ኋላ ሰጠሁት። ኮሮኮንቹ ላይ ስንደርስ አዳለጠኝ። ልይዘው እችል ነበር። መንገዱ መጥፎ ነው ብዬ እጄን መለስኩ። አትልቀቀኝ አለኝ፤ አንዴ ነው ያለው። ከዚያ አንገቴን ከኋላ ያዘኝ። አንገቴን እንደያዘ ነው የሞተው። ሆስፒታል በር ላይ ጣቶቹን ያላቀቁልኝ ሌሎች ናቸው።»

እናቴ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ መዳፉን ልትጠርግለት ቀረበች። እጁን ወደ ደረቱ ሰበሰበ።

«ተዪው እማ።»

ከግንቦት ጀምሮ ያዘጋጀሁት ክርክር ሁሉ፣ ተራሮችም፣ አድባሯም፣ ጣውንቷም፣ አፌ ላይ አልነበሩም። «ስሙ ማነው?» ነው ያልኩት።

«አልጠየቅኩትም» አለ። «ያነሣሁበትን ሰፈር ግን አውቀዋለሁ። ሰው ይኖረዋል። እናት ትኖረዋለች።»

ጋቢውን ከምሰሶው ላይ አውርዶ ትከሻው ላይ ጣለ።

«መንገዱ ዝግ ነው ይላሉ» አለችው እናቴ።

«ስመጣም በእግሬ ነው የመጣሁት።»

«እንጀራ ልቋጥርልህ።»

«ቆይቼ እንድቀር ነው የፈለግሽው» አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ፤ እሷም ቅባት በነካው እጇ ራሱን ነካችው። በሩን ለመክፈት በትከሻው ገፋው። ከውጭ በኩል የጉቶው ጫፍ፣ ከጉቶው ጎን የበቀለ ለጋ ቅጠል ለአፍታ ታየኝ። ወንድሜ ወጣ፤ በሩ በራሱ ክብደት ተመልሶ ተዘጋ።